የደበዘዘ ስፖኪዮ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የስፖኪዮዬ ኒክል ደበዘዘ ብሎ መኪናውን ይዞ ከሚመጣው ሰው መካከል ሳይነካው የሚመጣ እምብዛም የለም። አንዱ በሽቦ ስፖንጅ ፈትጎታል፤ ሌላው በጥርስ ሳሙና አሽቶታል፤ ሦስተኛው የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ለማጽዳት የተገዛ አሲድ አፍስሶበታል። ስለዚህ ሥራዬ እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ በፍተጋው የደረሰውን ጉዳት፣ ከዚያ ደግሞ ከፍተጋው በፊት የነበረውን ችግር እለያለሁ። ይህን የምጽፈው ቢያንስ የመጀመሪያውን እንድታስቀሩልኝ ነው። መኪናውን በሳሙና አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁና አድርቃችሁ እንደምትጀምሩ አምናለሁ፤ እሱን አላስተምርም።

የምትፈትጉት ምንድን ነው?

በዛሬዎቹ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ በልማድ ኒክል የምንለው የስፖኪዮ ቆብ ብረት አይደለም፤ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው ፕላስቲኩን በአሲድ ያሻክረዋል፣ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ስስ የብረት ልባስ ይሰጠዋል፣ ከዚያም ገንዳ ውስጥ ነክሮ በመጀመሪያ መዳብ፣ በመዳቡ ላይ ኒኬል የተባለውን ብረት፣ በመጨረሻ ክሮም ያለብሰዋል። መዳቡና ኒኬሉ በአስርና በሃያ ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) አካባቢ የሚለካ ውፍረት አላቸው። ከላይ ያለው ክሮም ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ማይክሮን እንኳ አይደርስም። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል ብንል፣ መኪናችሁን የሚያሳምረው ክሮም የአንድ ፀጉር መቶኛ አይሞላም ማለት ነው። ክሮም እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እጅግ ስስ ነው። የሚሳሳተው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ጥንካሬውን አይቶ ስስነቱን ስለሚረሳ ነው።

ቀለሙን ማንበብ ልመዱ። ጤነኛ ክሮም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ብርሃን አለው። ቢጫማ፣ ሞቅ ያለ ጥላ ካያችሁ ክሮሙ አልቆ ኒኬሉ ወጥቷል። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ መዳቡ ላይ ደርሳችኋል፤ እዚያ ላይ የሚድን ነገር የለም።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ጣታችሁን በውሃ ነክራችሁ የደበዘዘውን ቦታ አርጥቡት። እርጥብ ሳለ አብርቶ ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ፣ ችግሩ ከላይ ያለ ጭጋግ ወይም ጥቃቅን ጭረት ነው፤ ውሃው ክፍተቱን ስለሞላው ነው ያበራው። እርጥብም ሆኖ ደብዛዛ ከሆነ የብረቱ ልባስ ራሱ ተበልቷል። ሦስተኛው ፈተና መስመር ሲገናኝ በሚጮኸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር ነው። ሁለቱን ጫፎች በሽፋኑ ላይ ስታሳርፉ ከጮኸ እውነተኛ ልባስ ነው። ካልጮኸ ከላይ ቫርኒሽ አለ፤ ያኔ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። እነዚህ ሦስት ፈተናዎች አምስት ደቂቃ አይፈጁም። ሳትሠሯቸው ምንም ዓይነት ክሬም አትክፈቱ።

ነጭ ጭጋግና የውሃ ጠብታ ቀለበቶች

እርጥብ ሲሆን የሚያበራው ይህ ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ጨዋማና ኖራ የበዛበት ውሃ መኪናው ላይ ፀሐይ ሲያደርቀው ማዕድኑ ይቀራል። የድሬዳዋን ውሃ የሚያውቅ ሰው የቡና ጀበናውና የቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ስፖኪዮው ላይ የሚደርሰውም ያው ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በጉድጓድ ውሃ የሚታጠቡ መኪኖችም እንዲሁ ናቸው።

አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጡ፣ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ስፖኪዮውን አልብሱትና አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ካልለቀቀ ድገሙት እንጂ ጊዜውን አታርዝሙ። ኒክሉ የተላጠበት ወይም የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ አቼቶውን አታስጠጉት፤ ከስር ገብቶ መዳቡን ይበላል። ባዶ አሉሚኒየም ላይም አይሆንም። አዲስ አስፋልት ላይ ከተነዳ በኋላ የሚጣበቀው ጥቁር ነጥብ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ይለቃል፤ ወዲያው በሳሙና እጠቡት። ከዚያ በኋላ የመኪና ሰም ቀቡት፤ የሚቀጥለው ጭጋግ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይነሣል።

ሲሚንቶና አሲድ

አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ የሌለበት መንደር ማግኘት ከባድ ነው። ፎቅ እየተለሰነ ከስሩ የቆመ መኪና የሲሚንቶ ነጠብጣብ ለብሶ ያድራል። ጠዋት ባለቤቱ ይቆጣል፤ ጥበቃው ወይም የግንባታው ሠራተኛ ሊረዳው ብሎ ሸክላ የሚያጸዱበትን አሲድ ያመጣል። ይህ አሲድ በአብዛኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሲሚንቶውን በእርግጥ ያነሣል፤ ክሮሙንም አብሮ ያነሣል። ክሮም ዝገትን ይችላል፣ ይህን አሲድ ግን አይችልም። ላቫጆ ቤት ቸርኬ ለማንጻት የሚረጩት ኃይለኛ ፈሳሽም ወደ ስፖኪዮው ሲፈናጠቅ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ነጭ ላንድክሩዘር የመጣልኝን አልረሳውም። ግራው ስፖኪዮ እንደ መስታወት ያበራል፤ ቀኙ ከላይ እስከ ታች ቢጫ የወረደበት ይመስላል። አሲዱ በቀኝ በኩል ብቻ ነበር የፈሰሰው። ባለቤቱ ቢጫውን አጥፋልኝ አለኝ። ቢጫው ቆሻሻ ሳይሆን ራሱ ኒኬሉ እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ኒኬል ሲወለወል ያበራል፤ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሶ ይጠወልጋል። በየወሩ ሰም እየተቀባ መኖር ይችላል፤ ክሮም ግን አይሆንም። ያንን የፈለገ ቆቡን ይቀይራል።

ሲሚንቶ ቢያርፍባችሁ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በአቼቶና በውሃ የራሰ ጨርቅ አልብሳችሁ ማለስለስ፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጫፍ ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ማለቅለቅ፣ መድገም። አንድ ሙሉ ከሰዓት ሊወስድ ይችላል። በምላጭ አትሞክሩ። በበረኪና አትሞክሩ። በአመድና በሎሚም አትሞክሩ፤ አመድ ለናስ ድስት የቆየ ጥበብ ነው፣ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ግን ለግማሽ ማይክሮን ክሮም አይራራም።

ደጋግሜ የማየው፦ ከላይ የተለጠፈ ሽፋን

ከአስር መኪና ስድስቱ ሰባቱ በዚህ ምክንያት ነው የሚመጡልኝ። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር፣ የትኛውም ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ስፖኪዮውን በመኪናው ቀለም ቀብቶት ነበር። ባለቤቱ ግን ኒክል ያምራል ብሎ ከመለዋወጫ ሱቅ ስስ ሽፋን ገዝቶ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ ከባሰም በማስቲሽ፣ ከላዩ ለጠፈበት።

ምልክቱ አይሳሳትም። መጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛው ፊት ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ይጀምራል፤ ከልጣጩ ጋር የብር ቀለሙ አብሮ ይጠፋና ጥቁር ወይም ነጭ ፕላስቲክ ብቅ ይላል። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ ከስፖኪዮው ስር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ፤ ከሽፋኑ ስር ውሃ ተኝቷል።

ይህ ሽፋን ገንዳ ውስጥ አልተነከረም። አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ አሉሚኒየም ተንኖ ከላዩ እንዲያርፍ ተደርጓል፤ ውፍረቱ የማይክሮን አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። ብቻውን ጣት እንኳ አይችልም። የሚጠብቀው ከላዩ የተቀባው ቫርኒሽ ብቻ ነው። ቫርኒሹን ደግሞ ፀሐይ ይበላዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ቆላ ላይ ጥቂት ዓመት የሚኖር ርካሽ ቫርኒሽ እዚህ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውሃ ያስገባል። አሉሚኒየሙ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ብርሃን ወደሚያሳልፍ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ብሩ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይሰወራል። የላጠው ሰው የለም፤ እዚያው ባለበት ብረትነቱን ትቷል።

አሁን ይህንን በክሬም ስትፈትጉት ምን እንደሚሆን አስቡ። አንድ የታክሲ ሹፌር ጨርቁን ይዞ መጣልኝ። ጨርቁ በብር ቀለም ጠቁሯል፤ ስፖኪዮው ጥቁር ፕላስቲክ ሆኗል። ቆሻሻው እየለቀቀ መስሎት ደስ ብሎት ሲፈትግ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጠንቃቃ ሹፌር ነው፤ ያጠፋው እጁ ሳይሆን የሸጡለት ዕቃ ነው።

ሌላ ቀን፣ ቅዳሜ ማታ ሦስት የሰርግ መኪኖች በአንድ ላይ መጡ። ሠርጉ እሑድ ነው። የሙሽራው ሚዜ ስፖኪዮዎቹን ለማሳመር ቲነር ተጠቅሟል። ቲነር ቫርኒሹን ያሟሟል፤ አልፎም ኤቢኤሱን ራሱን ያቀልጣል። ስድስቱም ሽፋኖች እንደ ሙጫ ተጣብቀው የጨርቅ ክርና የጣት አሻራ ታትሞባቸዋል። እስከ እኩለ ሌሊት ስናነሣ አመሸን፤ መኪኖቹ ፋብሪካው በቀባቸው ቀለም ወደ ሠርጉ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ነበር የሚያምሩት።

የሚያበሳጨኝ ግን የቪጎው ነው። ቪጎ በብዙ ዓይነቱ ከፋብሪካ እውነተኛ ክሮም ያለው ስፖኪዮ ይዞ ነው የሚመጣው። ይህኛው ደብዝዞ ነበር፤ ባለቤቱ ከላዩ የሱቅ ሽፋን ለጠፈበት። ሽፋኑ ተላጠ፣ እኔ ጋር መጣ። አንሥቼ ከስር ያገኘሁት የፋብሪካው ክሮም ምንም አልሆነም፤ በላዩ የነበረው የውሃ ማዕድን ጭጋግ ብቻ ነበር። በአቼቶና በውሃ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊቴን አየሁበት። ሰውየው ለሽፋኑ ከፍሏል፣ ለማስቲሹ ከፍሏል፣ ለማንሻው ከፍሏል።

አነሣሡ እንዲህ ነው። የፀጉር ማድረቂያ ፎን ወይም በሙቅ ውሃ የራሰ ፎጣ ይዛችሁ ጠርዙን አሙቁ፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። የፈላ ውሃ አታፍስሱ፣ የመኪናውን ቀለም ትጎዳላችሁ። ጠርዙ ሲላቀቅ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከስር አስገቡና እንደ መጋዝ ግራና ቀኝ እየሳባችሁ ፕላስተሩን ቁረጡት። ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ካቻቪቴ አታስገቡ። በጨርቅ ተጠቅልሎም ቢሆን ካቻቪቴ አታስገቡ። በካቻቪቴ የተነሣ ሽፋን ሁልጊዜ የግማሽ ጨረቃ ምልክት በቀለሙ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ቀለም ቀቢው ያንን ለማጥፋት ሙሉውን ቆብ ይቀባል።

የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣት እየጠቀለላችሁ አንሡ፤ እምቢ ያለውን በላምባ። በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ ተስፋችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ከስር ደግሞ ጭቃ ታስሮ ይጠብቃችኋል። ሽፋኑ በንዝረት ሲንቀሳቀስ ያ ጭቃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቀለሙን ሲፈትግ ከርሟል። ስለዚህ ምንም ከማሸታችሁ በፊት ብዙ ውሃ አፍስሱበት። ቀለሙ ደብዝዞ ከቀረ የቀለም መወልወያ ክሬም ይመልሰዋል፤ ከቀለሙ ስር የሚቀባው ግራጫ ፕራይመር ከታየ ግን ወደ ቀለም ቀቢ ውሰዱት።

የግድ ኒክል ይሁንልኝ ለሚል

በላይ የሚለጠፍ አትግዙ። ሙሉ ቆቡን፣ በራሱ መንጠቆ የሚገባውን ግዙ። መርካቶ ስወርድ ቴስተር ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሻጩ ቢያኮርፍም ዕቃው ላይ አሳርፌ ካልጮኸ እመልስለታለሁ። ቴስተር የሌለው ሰው ገልብጦ ጀርባውን ይይ። ገንዳ ውስጥ የተነከረ ቆብ ጀርባውም በአብዛኛው ብረት ለብሷል፤ በትነት የተሠራው ግን ጀርባው ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዙ ላይ ብሩ እንደ ጭስ እየሳሳ ይጠፋል። እውነተኛው በእጅ ሲያዝ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛልም።

ኒክል ነካሪ ቤት ወስደው የፕላስቲኩን ቆብ እንደገና ማስነከር የሚፈልጉ አሉ። ብረት ሲሆን አሮጌውን ልባስ አንሥቶ መንከር ይቻላል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የራሱ የኬሚካል ዝግጅት ይፈልጋል፤ ያ ዝግጅት ሳይኖረው እሠራለሁ የሚላችሁ ሰው የሚረጭ የብር ቀለም ቀብቶ ነው የሚሰጣችሁ።

ከዚያ ይልቅ በስቲከር ማልበስ ወይም መቀባት የተሻለ ነው። ስትቀቡ የሚያንሸራትተውን ክሮም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሻክሩት፤ ካልሻከረ ቀለሙ በመጀመሪያው እጥበት ይነሣል። ከዚያ ለእንዲህ ያለ ገጽ የሚሆን ፕራይመር፣ ቀለም፣ በመጨረሻ ባለ ሁለት ክፍል ቫርኒሽ። የቫርኒሹ ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለው፤ ሳንባን ይጎዳል፣ አንዴ ካስቆጣ ሁልጊዜ አስም ሊያመጣ ይችላል። የጨርቅ ጭንብል አይበቃም፤ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭንብል አድርጉ፣ ክፍት ቦታ ሥሩ። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ቲነር አትክፈቱ። ይህንን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ያልሞተው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በጥቂቱ የሚያጋጥሙ

ፊቱ ብቻ ደብዝዞ ጀርባው የሚያበራ ከሆነ መኪናው በረሃ ያየ ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከመጡ አሮጌ መኪኖች ላይ ይታያል። አሸዋው ደብድቦታል፤ የሚወለወል ነገር የለም፣ ቆቡ ይቀየር።

አረፋ የሚመስል እብጠት ካለ ልባሱ ከፕላስቲኩ ለቋል። አትጫኑት፤ የተሰበረው ጠርዝ እንደ ምላጭ ጣት ይቆርጣል።

ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች የስፖኪዮ ክንድ ክሮም የለበሰ ብረት ስለሆነ በባሕሩ ጨው ቡናማ የዝገት ነጥብ ያወጣል። አሉሚኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ በውሃ እያራሳችሁ አሹት። አሉሚኒየም ከክሮም እጅግ የለሰለሰ ስለሆነ ዝገቱን እንጂ ክሮሙን አይጭርም። ጨርሳችሁ ሰም ቀቡ፤ ዝገቱ የወጣበት የክሮሙ ቀዳዳ ስላልተደፈነ በወሩ ይመለሳል። ይህ ለብረት ብቻ ነው፤ በፕላስቲክ ቆብ ላይ አትሞክሩት።

አንዳንዱ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብዛዛ ነው። የአውዲ ኤስ መኪኖች ስፖኪዮ እንደ አሉሚኒየም ሆኖ እንዳያበራ ሆን ተብሎ ተሠርቷል። አንድ ሰው እንዲያበራለት ጠይቆኝ እምቢ አልኩት፤ ሌላ ቦታ አስወልውሎት መሃሉ ላይ እጅ የሚያህል የሚያብለጨልጭ ክብ ይዞ ተመለሰ። ያንን ድብዝዝነት በክሬም መመለስ አይቻልም። እንዲህ ያለውን በለዘብተኛ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እጠቡ። በሌሎች የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለ ኦክሳይድ የለበሰ አሉሚኒየም ደግሞ ኃይለኛ የላቫጆ ሳሙና ሲነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም አይመለስም።

ሲገጥሙ

ቆቡን ለማውጣት በብዙ መኪኖች ላይ መጀመሪያ የመስታወቱ ብርጭቆ መውጣት አለበት። ጠዋት ብርድ ላይ አትሥሩት፤ የቀዘቀዘ የፕላስቲክ መንጠቆ ይሰበራል። ብርጭቆው ጀርባ ላይ የማሞቂያ ሽቦ ካለ ሳትነቅሉት አትሳቡ። በስፖኪዮው ላይ ያለውን የፍሬቻ ፕላስቲክ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፤ ቲነር ሲነካው እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር የገጠማችሁት ነገር ካለ 24 ሰዓት ውሃ አታስነኩት።

ስትመልሱ ሽቦውን መጀመሪያ ሰኩ፣ ብርጭቆውን ከመንጠቆው ጋር አስተካክሉ፣ እጃችሁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃሉ ላይ በመዳፍ ተጫኑ፤ ጠርዙን ከተጫናችሁ ይሰነጠቃል። ቀጭ ሲል ገብቷል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ ብርጭቆውን በአራቱም አቅጣጫ አንቀሳቅሱት፣ ስፖኪዮውን እጠፉትና ዘርጉት፣ ፍሬቻውን አብሩ። በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ዝጉት፤ ያልያዘ መንጠቆ ካለ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚያው ይውደቅ።